ከወንዝ የተበደርነው መብራት

በከተማ የሚኖር ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ እጁን ወደ ግድግዳው ይሰድዳል፤ ጣቱ ማብሪያውን ሲነካ ቤቱ በብርሃን ይሞላል። ይህ ብርሃን ከየት እንደ መጣ፣ ስንት ተራራ አቋርጦ በስንት ሰው ድካም ወደዚህ እንደ ደረሰ የሚያስብ ጥቂት ነው። መብራትን የምናስታውሰው በጠፋ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም የምናስታውሰው ልናማርር ነው። እኔም ከዚሁ ወገን ነበርሁ። እንዲያውም የእኔ ጥፋት ከሌላው ይከፋል፤ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና። የሚወርድ ውኃ መዘውር እንዴት እንደሚያዞር፣ መዘውሩም ሲዞር ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚገኝ ከ18 ዓመት በላይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍና ሳስጽፍ ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት አምፑል እንኳ በገዛ እጄ ከውኃ አብርቼ አላውቅም ነበር። ቀመሩን አውቀው ነበር፤ ወንዙን ግን አላውቀውም ነበር።

ከወንዙ ጋር ያስተዋወቀኝ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። የላከልኝ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁትና ዛሬ በአሜሪካ የሚኖር ልጅ ነው። በዚያ አገርና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ድንኳናቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ጫካና ወደ ተራራ ይወጣሉ። ከቤታቸው ርቀው ሲያድሩ የመብራታቸውንና የእጅ ስልካቸውን ባትሪ የሚሞሉበት መላ ይሻሉ። ፀሐይ ባለበት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሰሌዳ ይዘረጋሉ፤ ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ወይም ጥላ በበዛበት ሸለቆ ግን ይህ ብዙ አይረዳቸውም፤ ሲመሽማ ፈጽሞ ሥራውን ያቆማል። ወንዝ ግን ሌሊትም ይሄዳል። ስለዚህ በከረጢት የሚያዝ የውኃ ተርባይን ተሠራላቸው። ለእኔ የተላከልኝ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ያነሰ፣ ርዝመቱ ከክንድ ያጠረ ነው። በአንደኛው ጫፉ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲሜትር የሆነ ተሽከርካሪ ክንፍ አለው፤ ከክንፉ በስተኋላ ውኃ እንዳይገባው የታሸገ ጄኔሬተር፣ ከዚያም ተነቅሎ ለብቻው የሚወሰድ ባትሪ ይገኛል። ዕቃውን ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ጋር በገመድ አስሮ ወደ ወራጁ ውኃ መጣል ብቻ ነው። ቢበዛ የሚሰጠው ኃይል 5 ዋት ነው።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ 9 ተማሪዎችን ይዤ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስሄድ ይህን ዕቃ ከጓዜ ጋር ጨመርሁት። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገባ ልጆቹ ሊያዩት እጅግ ጓጉተው ነበር። ከሻሸመኔ ወዲያ በዶዶላና በአዳባ በኩል ስናልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሸከሙትን ትልልቅ የብረት ምሰሶዎች አሳየኋቸው፤ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ ስለ ተሠራውና 153 ሜጋዋት ማመንጨት ስለሚችለው ስለ መልካ ዋከና ጣቢያም ነገርኋቸው። ከዚያም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ነገ ማታ እኛም የራሳችንን መልካ ዋከና እንሠራለን» አልሁ። ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። አስቀድሞ የፎከረ ሰው የሚያገኘውን እኔም አገኘሁ።

በማግሥቱ ከዲንሾ ጓዛችንን በፈረስ አስጭነን በእግራችን ወደ ወይብ ሸለቆ ገባን። አገሩ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሣሩ አጭር፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ሰማዩ ቅርብ ነው። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሊያድን ጆሮውን አቁሞ በቀስታ ሲራመድ አየን። የወይብ ወንዝ በዚህ ሜዳ እየተጠማዘዘ ይመጣና ፊንጫ ሃበራ በተባለው ስፍራ ከጥቁር ድንጋይ ላይ ይወረወራል፤ ፊንጫ በኦሮምኛ ፏፏቴ ማለት ነው። ይኸው ወንዝ ከዚህ ወርዶ ብዙ መንገድ ከተጓዘ በኋላ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። እኛም ከፏፏቴው በላይ፣ ከወንዙ ዳር ድንኳናችንን ተከልን።

በዚያው ሸለቆ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ የዋሻ ጥላ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ጥናት እንደ ገለጸው ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚያ ጥላ ሥር እየተመላለሱ ይሠፍሩ ነበር፤ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ጥቁር ብርጭቆ መሳይ ድንጋይም መሣሪያ ይጠርቡ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሸለቆ ከቤት ርቀው ለማደር ከመጡት የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። እነዚያም ሰዎች ሲጨልም ብርሃን ያስፈልጋቸው ነበር፤ የነበራቸው ግን እሳት ብቻ ነው። ወንዙ ያን ጊዜም በሸለቆው ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ ሲሄድ ያድር ነበር።

ማታ ተማሪዎቹን ሰብስቤ ስለ ማግኔትና ስለ ሽቦ ጥቅል ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ከዚያም ቦታ መረጥሁ። የመረጥሁት ወንዙ ሰፍቶና ጠልቆ ኩሬ የሚመስልበትን ስፍራ ነበር፤ ብዙ ውኃ ባለበት ብዙ ኃይል ይኖራል ብዬ ነበርና። ዕቃውን በገመድ አስሬ ጣልሁት። ክንፉ እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። በባትሪው ላይ ያለችው አረንጓዴ ምልክት አንድ ጊዜ ብልጭ አለችና ጠፋች። ጠበቅን፤ አልተመለሰችም። ብርዱ እየበረታ ሄደ። አንዲት ተማሪ በትሕትና፣ «መምህር፣ ምናልባት ሌሊቱን ቢያድር ይሞላ ይሆናል» አለችኝ፤ ከኀፍረት ልታድነኝ ፈልጋ እንደ ሆነ ገባኝ። ሌሊቱን አደረ። ጧት ባወጣሁት ጊዜ ባትሪው እንደ ነበረ ባዶ ነበር። ያን ማታ እራታችንን የበላነው በባለ ፈረሱ ፋኖስ ብርሃን ነው።

ባለ ፈረሱ የዚያው አገር ሰው፣ ዕድሜአቸው የገፋ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ስለ ሆነ ከተማሪዎቼ አንዱ በኦሮምኛ ያስተረጉምልን ነበር። ጧት ገመዱን ስጠቀልል አጠገቤ መጥተው ቆሙና ኩሬውን በበትራቸው አመለከቱ።

«ይህ ውኃ ተኝቷል» አሉ። «የተኛ ሥራ አይሠራም። እኔ በልጅነቴ በውኃ ወፍጮ ቤት አድሬ ሠርቻለሁ። ድንጋዩን የሚያዞረው የሚሮጥ ውኃ ነው። እኛ ወንዙን በቦይ እንጠልፈው፣ ቦዩንም እያጠበብን ወደ መዘውሩ እናወርደው ነበር።»

«አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ የት ያስቀምጡት ነበር?» አልኋቸው።

መልስ ሳይሰጡ ቀድመው ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ላይ እንደ ወጣን ወንዙ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተጨንቆ የሚያልፍበትን ስፍራ አሳዩን። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ስፋቱንም አንድ ልጅ ይዘለዋል። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ይህን ስፍራ ንቄ አልፈው ነበር።

ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የተማርሁት ነገር ትዝ አለኝ። ተማሪዎቹን 10 ሜትር ገመድ በወንዙ ዳር እንዲዘረጉ አዘዝኋቸው። አንዱ ከላይ ሆኖ ጭራሮ ይጥላል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ሰዓት ይይዛል። በኩሬው ጭራሮው 10 ሜትር ለመሄድ 21 ሰከንድ ፈጀበት። በጠባቡ ስፍራ ግን 7 ሰከንድ ብቻ ወሰደ። «እንግዲህ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ነው» አለ አንዱ። «ስለዚህ ኃይሉም ሦስት እጥፍ ነው» አለ ሌላው። ማታ ከኀፍረት ልታድነኝ የሞከረችው ልጅ ግን ደብተሯን አውጥታ ትንሽ ከጻፈች በኋላ፣ «አይደለም! 27 እጥፍ ነው!» ብላ ጮኸች።

ልጅቱ እውነቷን ነበር። ውኃው በሦስት እጥፍ ሲፈጥን በእያንዳንዱ ሰከንድ ክንፉን የሚያልፈው ውኃ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ሊትር ውኃ በሩጫው ምክንያት የሚይዘው ጉልበት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት በዘጠኝ ቢበዛ 27 ነው። በስሌታችን መሠረት በኩሬው ውስጥ በክንፋችን ስፋት ልክ ያልፍ የነበረው ኃይል 2 ዋት እንኳ አይሞላም ነበር፤ በጠባቡ ግን 45 ዋት ያህል ያልፋል። ይህን ሁሉ ግን መውሰድ አይቻልም። አልበርት ቤትስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስረዳው፣ ክፍት በሆነ ወራጅ ውስጥ የሚሽከረከር ክንፍ ከሚያልፈው ኃይል ከመቶ 59 እጅ በላይ ሊወስድ አይችልም። ሁሉን ልውሰድ ቢል ውኃው ከኋላው ይቆማል፤ የቆመ ውኃም ለሚመጣው መንገድ ይዘጋል። የእኛን የመሰለች ትንሽ መሣሪያማ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው የምትወስደው። ቢሆንም ከ45 ዋት መካከል 5ቱ ለእኛ ይበቁን ነበር።

ዕቃውን በሁለቱ ድንጋዮች መካከል አሰርነው። ክንፉ ወዲያው ተፈተለከ፤ አረንጓዴዋ ምልክት በራች፤ አልጠፋችምም። በአምስት ሰዓት ገደማ ባትሪው ሞላ። ማታ አንድ ዋት ብቻ የምትወስድ አንዲት ትንሽ መብራት በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀልን። አንድ ዋት ማለት በከተማ ሰው ዐይን ከምንም የሚቆጠር አይደለም፤ ነገር ግን ከኩራዝ ብርሃን ብዙ እጅ ይበልጣል፤ ጭስም የለውም። ተማሪዎቹ በዚያች ብርሃን ሥር ተሰብስበው የቀኑን ማስታወሻ ጻፉ። ማንም ሳያዝዛቸው ደግሞ ጽፎ የጨረሰ ሁሉ «አጥፉት፤ ለነገ ይትረፍ» ይል ጀመር። በቤታቸው በአራት ክፍል አራት አምፑል አብርተው የሚተኙ ልጆች ናቸው። ብርሃኑን ራሳቸው ከወንዝ ስላመጡት ዋጋውን አወቁ።

ሽማግሌውም ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው መብራቷን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱና ጠየቁኝ። «መምህር፣ ይህ ዕቃ ከወንዙ የሚወስደው ምንድን ነው? ከታች ላሉት ሰዎች ውኃ ይጎድልባቸዋልን?»

«ምንም አይወስድም» ልላቸው አፌን ከከፈትሁ በኋላ ተውሁት፤ ውሸት ነውና። በተፈጥሮ ሕግ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር የለም። «አንዲት ጠብታ ውኃ አይጎድልም» አልኋቸው፤ «የሚወስደው ከሩጫው ነው። ዕቃውን አልፎ የሚሄደው ውኃ ጥቂት ይዘገያል፤ ቁልቁለቱ ግን ሩጫውን ይመልስለታል።» ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያውስ ብድር ነው» አሉ። እኔ በ18 ዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቃል ለተማሪዎቼ አላገኘሁላቸውም።

ትንሹም ትልቁም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በዓባይ ላይ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ይህም የእኛን ዕቃ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ያህል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ግድብ የሚጠቀመው በውኃው ውድቀት ነው፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ሜትር ቢወድቅ ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይገኛል፤ ውድቀቱና ውኃው በበዛ ቁጥር ኃይሉም ይበዛል። ይሁን እንጂ በዓባይም ሆነ በወይብ ወደ ባሕር የሚወርድ ውኃ ከጉዞው ጥቂት ጉልበት ያበድረናል፤ የሰውም ሥራ ይህን ብድር የሚቀበልበትን ስፍራ ማወቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ የነገርሁት ለክብሬ የሚሆን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አይደለም።

በመጨረሻው ማታ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ዕቃ በእኔ ቤት ይሠራ ይሆን?» አሉኝ። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው፤ ማታ ማታ የምታጠናው በኩራዝ ነው። እኔም እንደ አዋቂ ተቀምጬ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ቤታቸው ከወንዙ የግማሽ ሰዓት መንገድ ስለሚርቅ ሽቦ መዘርጋት አይቻልም፤ ባትሪውን በየቀኑ መሸከም ያሻል። በበጋ ወንዙ ይሳሳል። በክረምት ጎርፍ ዕቃውን ነቅሎ ይወስዳል። ሣርና ቅጠል በክንፉ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ነገር ቢሰበር መለዋወጫው በአገራችን አይገኝም። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር።

ሽማግሌው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም፣ «መምህር፣ ለምን እንደማይሆን ሁሉን ነገሩኝ፤ እንዲሆን ምን እንደሚያስፈልግ ግን አልነገሩኝም» አሉና ፈረሶቻቸውን ሊያዩ ተነሡ።

በማግሥቱ ዕቃውን ከጓዜ ጋር አሰርሁት። ዲንሾ ላይ ስንሰናበት ሽማግሌው ስለ ነገሩ አላነሡም፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን መረቁልን። በአውቶቡስ ውስጥ ያ አስተርጓሚ ተማሪ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። አዳባን እስክናልፍ ዝም ብሎ ቆየና፣ «መምህር፣ እኛ ቤት እኮ መብራት አለን» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ያን ጊዜ ራሴን መረመርሁ። ዕቃው የራሴ ነበር፤ ማንም ሰው አይጠይቀኝም ነበር። እምቢ ያልሁት ስለ ሳሳሁለት ነው። ነገር ግን ሳሳሁ ከማለት ይልቅ ስለ ጎርፍና ስለ መለዋወጫ መናገር ይቀልለኝ ነበር። ንፍገቴ የዕውቀትን ካባ ለብሶ ስለ ወጣ እኔው ራሴ አላወቅሁትም። የተማረ ሰው ከሚወድቅባቸው ጉድጓዶች ይህ አንዱ ይመስለኛል፤ ያልተማረው «አልሰጥም» ሲል ነገሩ ያበቃል፤ የተማረው ግን አለመስጠቱን በማስረጃ ያጸናዋል። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ «አይሆንም» የሚለውን ቃል አሳምረን የምንጽፍ ብዙዎች ነን። ችግሩን መቁጠር የዕውቀት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

በየካቲት ዕቃውን ከሁለት ትንንሽ መብራቶች ጋር ጠቅልዬ ወደ ዲንሾ በሚመለስ አስጎብኚ እጅ ላክሁላቸው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይም እንዲሆን የሚያስፈልገውን ጻፍሁ፤ ያ ተማሪ ወደ ኦሮምኛ መለሰልኝ። ባትሪው ጧት ወደ ወንዝ፣ ማታ ወደ ቤት፤ ከክንፉ ፊት የእንጨት አጥር፤ ጎርፍ ሳይመጣ ዕቃውን ማውጣት። ከላክሁ በኋላ ወራት አለፉ፤ ምንም አልሰማሁም። ተሰብሮ ይሆናል፣ ወይም ወንዝ ወስዶት ይሆናል እያልሁ አስብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ቢሆን ኖሮ «ብዬ ነበር» ለማለት የሚፈልግ አንድ ክፉ ሰው በውስጤ ነበር።

የሕዳሴው ግድብ በተመረቀ በወሩ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈችው የሽማግሌው ልጅ ናት። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ባትሪውን በወንዙ ዳር ትተክለዋለች፤ ማታ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከጀሪካኑ ጋር ይዛው ትገባለች። ሁለት ጊዜ ሣር ክንፉን አቁሞት ነበር፤ አባቷ በወፍጮ ቤት እንዳዩት አድርገው የጭራሮ አጥር ሠሩለት። ከሁለቱ መብራቶች አንዱ ተበላሽቷል። ጎርፉ ሲመጣ አባቷ ዕቃውን አውጥተው ከጣሪያው ሥር ሰቅለውታል፤ ውኃው ሲጠራ ይመልሱታል። በክረምቱ ወደ ኩራዝ ተመልሰው ነበር። ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች።

ይህ ደብዳቤ እንደ ድል የሚነገር አይደለም። አንድ ቤት፣ አንድ መብራት፣ እርሱም በዓመት የተወሰኑ ወራት ብቻ ነው። ለድንኳን ሽርሽር የተሠራ ዕቃ የአንድ መንደር መብራት ሊሆን አይችልም፤ ለዚያ ከዚህ የሚበልጥ ሥራና የሚበልጥ ገንዘብ ያሻል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የማስተምርበት መንገድ ተለውጧል። የኃይልን ቀመር ከመጻፌ በፊት ተማሪዎቼን ወደ ቀበና ወንዝ አወርዳቸዋለሁ፤ የሚይዙትም ገመድ፣ ሰዓትና ጭራሮ ነው። መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼም በየአካባቢያቸው ያለውን ወራጅ ውኃ ከልጆቻቸው ጋር ይለኩት እላለሁ፤ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው።

በደብዳቤው ግርጌ አንድ ጥያቄ ነበረ። «መምህር፣ ከቤታችን በታች ካለው ምንጭ በሚወጣው ጅረት ላይ ጭራሮ ጥዬ ነበር፤ 10 ሜትሩን በ8 ሰከንድ ሄደ። ይህስ ስንት ዋት ይሆናል? ለቤታችን እጅግ ቅርብ ነው።» ለመመለስ የጅረቱን ጥልቀትና ስፋት ማወቅ ስለሚያስፈልገኝ እንዴት እንደምትለካው ጻፍሁላት፤ ጥያቄዋንም በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ጥግ ላይ ጽፌ «አይጥፋ» አልሁ። ልኬቷ እስኪመጣ ተማሪዎቼና እኔ እየጠበቅን ነው።